በኋላው ጎማ ውስጥ ያልገባው ቱቦ

ሰው ጡረታ የሚወጣው በደብዳቤ ነው። እኔ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ አለቃ ስላልነበረኝ ደብዳቤ የሚጽፍልኝም አልነበረም። ጡረታ ያወጣኝ አንድ ድምፅ የሌለው ሞተር ሳይክል ነው።

ናይሮቢ በብርድ በምትኮማተርበት በሐምሌ ወር፣ ኢምባካሲ ባለችው ጋራዤ በር ላይ አንድ ወጣት መጥቶ ቆመ። መምጣቱን ያወቅሁት «ሻሎም አንክል» ሲለኝ ነው እንጂ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ከሞተሩ ምንም አልሰማሁም። እናቱን አውቃታለሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ናት። እሱ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ነው።

«አንክል፣ የኋላው ጎማ ኖይዝ አለው። ስጠመዘዝ ብቻ ነው የሚሰማኝ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሰንሰለት የለውም። ሰንሰለቱን የሚሸከመው ጥርሳም ክብም የለም። ጎማው መሃል ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ወፍራም ብረት ተቀምጧል፤ ሞተሩ ራሱ እዚያ ውስጥ ነው። ቁልፌን አነሣሁ።

«እሱ አይከፈትም አንክል። ሲልድ ነው። ከተበላሸ ካምፓኒው ሆል ዊሉን ነው የሚቀይረው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ለምን አመጣኸው?»

«ማሚ ናት፣ አንክል ግርማ ይየው ያለችኝ።»

እኔም አየሁት፤ ከማየት ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የጎማውን ነፋስ ሞላሁለት፣ የመስታወቱን ዳዶ አጠበቅሁለትና ሸኘሁት። ከዚያ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ቅናት ያዘኝ። በጎማው እምብርት ምክንያት የሚመጣውን ጣጣ ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ አሽገው ጨርሰውታል፤ ማንም እጁን አይሰድበትም፣ ማንም አይሳሳትበትም። ይህ ነገር ዐሥር ዓመት ቀድሞ በመጣ ኖሮ አልኩ። ዓይኔም ደክሞ ነበር፣ የእጄ አንጓም ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ሰበብ አላጣሁም። በዚያው ወር መሣሪያዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ የጭነት መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ነው። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛው መኪና ሥር ተጋድሜ ስላለፈ ብዙ የማወራው የለኝም። ናይሮቢ ስገባ የነበረኝ አንድ የስደተኛ ወረቀትና ከወረቀቱ የከበደ ኩራት ነበር። የጭነት መኪና ሞተር አውርዶ የገጠመ ሰው ሞተር ሳይክል ጠግን ሲባል እንደ ስድብ ይሰማዋል። ሞተር ሳይክል ለኔ የቆርቆሮ ፌንጣ ነበረች። ግን ሆድ ኩራት አይገባውም፤ በሦስተኛው ሳምንት ፌንጣ ፍለጋ ወጣሁ።

ከመሃል ከተማው ወረድ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ፣ መለዋወጫ ከሚሸጥበት መንገድ ጀርባ ሙቲሶ የሚባል የካምባ ሰው ሦስት ቆርቆሮ ያህል ጥላ ነበረው። ሁሉም «ምዜ ሙቲሶ» ይለዋል፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። የቦዳ ቦዳ ነጂዎች፣ ሞተር ሳይክል እንደ ታክሲ የሚነዱት ማለቴ ነው፣ ሌላ መካኒክ ያቃተውን ይዘው የሚመጡት እሱ ጋ ነበር። በሰው ምክር እዚያ ደረስኩና በለመድኳት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ሰላም አልኩት።

ቀና እንኳ አላለም። አንድ የኋላ ጎማ ጭኑ ላይ አጋድሞ እምብርቱን ከፍቶ ይሠራል። ደግሜ ሰላም አልኩት። ዝም። ያልሰማ መስሎኝ ጠጋ አልኩ፤ በዓይኑ ጫፍ አየኝና ተመልሶ ወደ ሥራው። ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ ሰላምታ የነሳህ ሰው ከሰደበህ ሰው ይብሳል። ሆኖም ሌላ መሄጃ አልነበረኝምና ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደ ግንድ ቆምኩ። ጎማውን ገጥሞ፣ ዳዶውን አጥብቆ፣ በአንድ ጣቱ አሽከርክሮ ጆሮውን ደግኖ አዳመጠ። ከዚያ እጁን ጠርጎ ተነሣና ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ከየት እንደመጣሁ፣ በመንገድ ምን እንደገጠመኝ፣ እናትና አባቴ በሕይወት እንዳሉ፣ ምሳ እንደበላሁ ጠየቀኝ። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው የሚል ሰው ሙቲሶን አላየም።

ቆይቶ ሕጉን ነገረኝ። የጎማው እምብርት ክፍት ከሆነ ሰላምታ የለም፤ ስልክ የለም፤ መነሣት የለም። «ንጎጃ» ይላል ቢበዛ፤ ቆይ ማለት ነው። እናቱ ከገጠር መጥተው ኩሽኔታው እስኪገባ ቆመው ጠብቀውታል ሲባል ሰምቼ በልቤ ባለጌ ብዬዋለሁ። አልተናገርኩትም እንጂ አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር።

አሁን የዚህን እምብርት ነገር ላስረዳ፤ ቀሪው ታሪኬ ያለሱ አይገባም። ጣልያን ትቶልን በሄደው ቃል ሞዞ እንለዋለን። ከውጭ ሲታይ ጣሳ የሚያህል ብረት ነው። ውስጡ ግራና ቀኝ ሁለት ኩሽኔታ፣ በመካከላቸው ኳስ የታጨቀባቸው ድርብ ቀለበቶች፣ አለው፤ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ዘንግ ላይ ጎማውን የሚያሽከረክሩት እነሱ ናቸው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ደግሞ አንድ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ምንም አያምርም። ከጣት እምብዛም የማይበልጥ ተራ ቧንቧ ነው፤ አይሽከረከርም፣ ድምፅ የለውም፣ ዕድሜ ልኩን አያልቅም። ሥራው ሁለቱን ኩሽኔታዎች አራርቆ መያዝ ብቻ ነው። የዘንጉ ዳዶ ሲጠብቅ ጉልበቱ ሁሉ በቱቦው በኩል ያልፋል። ቱቦው ከሌለ ያ ጉልበት ኩሽኔታዎቹን ወደ ውስጥ ይጨምቃቸዋል። ጥቂት ቀን እየተፋጩ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ግለው ይሰባበሩና ጎማውን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። የሚጋልብ ፈረስ ድንገት ቀጥ ቢል ፈረሰኛው የሚሆነውን ማንም ያውቃል።

ሙቲሶ አንድ ያረጀ አንሶላ ነበረው። የፈታውን ሁሉ በተፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ እዚያ ላይ ይደረድራል፤ ሲገጥም ከቀኝ ወደ ግራ ያነሣል። አዲሱን ኩሽኔታ የሚመታው የውጪውን ቀለበት ብቻ በሚነካ ብረት ነው። የውስጡን ከመታኸው ገና ሳይሽከረከር ገድለኸዋል ይላል። አንዱን ጨርሶ ያስገባል፣ ጎማውን ይገለብጣል፣ ቱቦውን ይጨምራል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ኩሽኔታ ቀስ እያለ ያወርዳል። የመዶሻው ድምፅ ሲወፍር ያቆማል። ጣቱን ሰዶ ቱቦውን ይገፋዋል፤ በእንቢታ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው። የሰንሰለቱን ምት የሚያለዝቡትን ጎሚኒዎች በዘይት ሳይሆን በሳሙና ውኃ አርሶ ያስገባል። ጥርሳሙን ክብ ይጭናል። የፍሬኑን ክዳን ከነሸራው ይገጥማል፤ ክዳኑ አብሮ እንዳይዞር የሚይዘውን ክንድ ያስርና ዳዶው እንዳይፈታ ኮፒሊያ የሚባለውን የሽቦ መቆለፊያ ያጥፍበታል። መጨረሻ ላይ ነው የጣቱ ነገር፤ ጎማውን አሽከርክሮ፣ የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ዘንጉ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። በዚህ ሰዓት ፊቱ ላይ የነበረውን ዝምታ ጸሎት ላይ እንኳ ብዙ ሰው ላይ አላየሁም።

«አንሶላው ባዶ ሳይሆን ጎማው አለቀ አይባልም» ይለኝ ነበር። አራት ዓመት አብሬው ሠራሁ። ንቀቴ አለቀ፤ ፌንጣዋን ወደድኳት።

ከሙቲሶ በኋላ ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አጠገብ አንድ የውጭ የእርዳታ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ደህና ነበር፤ ወረቀቴም የተስተካከለው በዚያ ጊዜ ነው። አለቃዬ ረጅም የውጭ አገር ሴት ነበረች፤ ለአንድ ዳዶ ሦስት ፎርም ታስሞላለች እንጂ ክፉ አልነበረችም። እንግዶች ይዛ ጋራዡን ስታስጎበኝ እኔ እምብርት ከፍቼም ቢሆን ብድግ እላለሁ። «ኧረ ተቀመጥ» ትለኛለች፤ አልቀመጥም። እጄን ጠርጌ፣ ተሽቆጥቁጬ፣ ሰላም ብዬ፣ ሸኝቼ እመለሳለሁ። አንድም ቀን ምንም አልሆነም። መጥፎ ልማድ ወዲያው ቢቀጣ ኖሮ ማንም አይለምደውም ነበር። የሙቲሶን አንሶላ ይዤ ሕጉን ጥዬ መጣሁ፤ ይህን ግን ያኔ አላወቅሁም። ድርጅቱ ሥራውን ሲያጥፍ የራሴን ጋራዥ ኢምባካሲ ከፈትኩ፤ ኬንያውያኑ «ፉንዲ ሐበሻ» አሉኝ፤ ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው፤ ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ ደረጀ ነው። ከኤርፖርቱ መጋዘኖች ዕቃ እየተቀበለ በሞተር ሳይክሉ ወደ ከተማ የሚያደርስ፣ ቁጥብና ዝምተኛ ወጣት ነው። ሚስቱ ሊዲያ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። ሠርግ ያላት ሙሽራ ሁሉ እሷን ነው የምትፈልገው፤ ጣቶቿ ሲሄዱ ለማየት ብቻ ወንበር ይዘው የሚቀመጡ ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከኋላው ተቀምጣ ሥራዋ ድረስ ያደርሳታል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ደረጀ ሞተሩን ትቶልኝ ሄደ፤ እኩለ ቀን ላይ ሊወስደው ነው። የኋላው ኩሽኔታ አልቋል፣ የፍሬኑም ሸራ አልቋል። አንሶላዬን ዘረጋሁ፣ ፈታሁ፣ ደረደርኩ። ቱቦው ዝጎ ነበር። አንሶላው ላይ ላስቀምጠው አልኩና፣ ዝገቱ ይልቀቅለት ብዬ ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያሰብኩት። አንዱን ኩሽኔታ አስገብቼ ጎማውን እንደገለበጥኩ ጋሽ መርዕድ ከበሩ ብቅ አሉ።

ጋሽ መርዕድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በአገር ቤት መምህር ነበሩ። በየሳምንቱ የምእመኑን ቤትና የሥራ ቦታ እየዞሩ ይጠይቃሉ። እንዴት ልቀመጥ? ብድግ አልኩ። እጄ በግራሶ ስለተነከረ ክንዴን ሰጠኋቸው። ባለቤቴን ጠየቁ፣ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቁ፣ የአገር ቤት እኅቴን ጠየቁ። «በል እንጸልይ» አሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ መርዕድ ጸሎት አያሳጥሩም። ዓይኔን ስከፍት ወንበር ሰጠኋቸው፤ ስለ አዳራሹ ጣሪያ ማፍሰስ እያወሩኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አንሶላዬ ላይ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ኩሽኔታ ነበር። አነሣሁት፣ መታሁት፣ ድምፁ ወፈረልኝ። ጣቴን ሰድጄ ቱቦውን መግፋት ነበረብኝ፤ ጋሽ መርዕድ በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ጠየቁኝና ቀና ብዬ መለስኩላቸው። ሽማግሌ እያናገረህ ጎማ ውስጥ አጎንብሰህ «እህ» አትልም። ጎሚኒውን፣ ክቡን፣ ፍሬኑን ገጠምኩ። አንሶላው ባዶ ሆነ። ዳዶውን አጥብቄ ጎማውን በጣቴ ሳሽከረክረው ከበድ አለኝ። ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው፣ እየተፋተገ ነው አልኩ። አዲስ ሸራ ደግሞ በእውነት ይከብዳል። ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አላደረግሁም፤ እንግዳ ፊት ያሳፍረኛል። ደረጀ መጣ። ጋሽ መርዕድ እጃቸውን ሞተሩ መቀመጫ ላይ ጭነው ባረኩለት፤ እኔም አሜን አልኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ሊዲያን ወደ ሥራዋ ሲያደርስ፣ በኤርፖርቱ መንገድ ላይ ጎማው ቀጥ አለ። ደረጀ ጉልበቱና ክርኑ ተላጠ እንጂ ደህና ነበር። ሊዲያ በቀኝ እጇ ወደቀች። አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ታሰረ፣ ተፈታ፣ እንደገና ታሰረ። ሲሽር ጣቶቿ መታጠፍ እንቢ አሉ።

ሞተሩን በፒካፕ አምጥተው ጋራዤ አራገፉት። ሰው ሲሄድልኝ እምብርቱን ከፈትኩ። የኩሽኔታው ስባሪ ተዘረገፈ፤ በመካከሉ ቱቦ የለም። መጀመሪያ ወድቆ ይሆናል አልኩ፤ ዘንግ ያለፈበት ቱቦ ወዴት ይወድቃል? የላምባውን ጣሳ አዘነበልኩት። ከሥሩ ቱቦው፣ ዝገቱ ለቆለት፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። እዚያው በፈሰሰው ላምባ ላይ ተቀመጥኩ። ልብሴ መበስበሱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

በማግስቱ ደረጀ እያነከሰ መጣ። «ወንድም ግርማ፣ ምን ሆኖ ነው? በጣም አልፈጠንኩም እኮ። ፍሬን አብዝቼ ይዤ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ሞተሩ ደህና ነበር» አልኩት። «ኩሽኔታው የተሰባበረው ስትወድቁ ነው።»

በአርባ ዓመት ሥራ ስሕተት ሞልቶኛል፤ በሥራዬ የዋሸሁት ግን ይህን ነው። ራሱን ነቅንቆ፣ «ፖሌ፣ አስቸገርኩህ» ብሎኝ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው።

መሸሸጊያ ሲያጣ ሰው አስተማሪውን ያስታውሳል። ሙቲሶ ያኔ ሥራ ትቶ የትውልድ መንደሩ ገብቶ ነበር፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ደጁ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋሽ መርዕድን፣ ጸሎቱን፣ ጣሳውን። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና፣ «ይህን ለኔ ለምን ትነግረኛለህ? እኔ ከዚያ ሞተር ላይ አልወደቅሁም» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ምሳ አብልቶ ሸኘኝ።

እነግራቸዋለሁ ብዬ ተመለስኩ፤ አልነገርኳቸውም። ብናገር እጇ አይድንም አልኩ። ዝም አይነቅዝም አልኩ። ደንበኛ አጣለሁ፣ ልጆቼ የሰው አፍ ይገባሉ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ «ፈተና ነው፣ ነፍሳቸው መትረፏ ተመስገን» ሲል እኔም አብሬ ተመስገን አልኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ብቅል የማንነካ ሰዎች ነን፤ የኔ ሆድ ያባው ሰባት ወር ተቀመጠ።

እውነቱ ኋላ ሲወጣ ምን እንዳስከተለብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ለማውራት አቅም የሚኖረኝ አይመስለኝም። ግማሹ ደንበኛዬ ሄደ። ሊዲያን ለማሳከም የተቻለኝን አደረግሁ፤ እሱ የሚወራ አይደለም። ጋሽ መርዕድ ለረጅም ጊዜ እጃቸውን በሙሉ ልብ አልሰጡኝም፤ ኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ጋራዤ ሲመጡ ከበሩ ላይ «ከፍተሃል ወይስ ዘግተሃል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ከፍቼ ከሆነ ይቆሙ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እምብርት ከፍቼ ለማንም አልተነሣሁም። ብዙ ሐበሻ ግርማ ጠገበ፣ ባለጌ ሆነ ብሎኛል። ይበለኝ።

ነገሩ የወጣው በሽምግልና ነው። በሰባተኛው ወር ጋሽ መርዕድ መጥተው ሊዲያ ቤቷን ጥላ መውጣቷን፣ አክስቷ ቤት ከገባች ሁለት ወር እንደሆናት ነገሩኝ። «እሁድ ከሰዓት እኔ ቤት እናስታርቃቸዋለን። አንተ አብረኸኝ ትቀመጣለህ። ለሁለቱም ቅርብ ነህ፤ ሞተሩንም ያየኸው አንተ ነህ» አሉ። ሽምግልና ጠርተውህ እንቢ አይባልም። እንቢ ብልም ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሺ አልኩ።

እሁድ ሄድኩ። የጋሽ መርዕድ ሳሎን ጠባብ ናት፤ ደረጀ በአንድ ወገን፣ ሊዲያ በሌላው፣ እኛ ሁለታችን በመካከል ተቀመጥን። ሊዲያ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ጋሽ መርዕድ እንድትናገር ፈቀዱላት።

«ጋሼ፣ እጄን አጣሁ ብዬ አይደለም የወጣሁት» አለች። «እጄ የእግዚአብሔር ነው። የወደቅን ዕለት ቀስ በል ብዬዋለሁ፤ ትከሻውን መትቼ ነው ያልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልፈጠንኩም ይለኛል። ሰባት ወር ሙሉ ዓይኔን እያየ አልፈጠንኩም። ወንድም ግርማ ራሱ ሞተሩ ደህና ነበር ብሏል። ሞተሩ ደህና ከሆነ፣ እሱም ካልፈጠነ፣ እኔ ነኝ ታዲያ የጣልኩት? አንድ ቀን አጥፍቻለሁ ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ከሚዋሸኝ ሰው ጋር ግን እንዴት እተኛለሁ?»

ስሜን ስትጠራ አንገቴን ደፋሁ። በሰባቱ ወር ውስጥ የደበቅሁት የገዛ ስሕተቴን ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድን እውነተኛ ሰው በሚስቱ ዓይን ውሸታም አድርጌ ቤቱን እንዳፈረስኩ ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ለማስታረቅ ከተቀመጡት አንዱ ራሱ የጠቡ ምንጭ ነበር።

ጋሽ መርዕድ ወደ ደረጀ ዞሩ። «እሺ ልጄ፣ አንተስ?»

ደረጀ ሊዲያን አያት። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ፈጥኜ ነበር። ቀስ በል ስትለኝ ሰምቻታለሁ። ይቅር በዪኝ ሊዲያ።»

ሊዲያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ መርዕድ ፊታቸው በራ። «ተመስገን ጌታዬ። ሰው ጥፋቱን ካመነ ሌላ ምን ቀረ? በሉ ተነሡ፣ በጸሎት እንዝጋው» አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። አሜን ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድ፣ ባልና ሚስቱም ይታረቁ ነበር፣ እኔም ንጹሕ እንደመሰልኩ እቀር ነበር። ያንን የሚያህል ፈተና ከዚያ በፊትም በኋላም አልገጠመኝም።

«ጋሼ፣ ጸሎቱ ይቆይ» አልኩ። «ደረጀ አልፈጠነም።»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ኩሽኔታውን፣ ቱቦውን፣ የላምባውን ጣሳ። የጋሽ መርዕድ መምጣት ላይ ስደርስ ልዘለው ፈልጌ ነበር፤ አልዘለልኩትም፤ ግን የተነሣሁት እኔ እንጂ እሳቸው አላስነሡኝም አልኩ። ጎማው ሲከብደኝ ሸራ ነው ብዬ ማለፌን ነገርኳቸው። ቱቦውን ካገኘሁ በኋላ ለደረጀ ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩት። ጋሽ መርዕድ ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሊዲያ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። «በቀስታ ቢሄድስ ኖሮ?» አለችኝ።

«በሃያም ቢሄድ ጎማው ይቆም ነበር። እሱ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ታዲያ አሁን ፈጥኜ ነበር ያልከው ለምንድነው?»

ደረጀ እንደቆመ ነበር። እጁን የት እንደሚያደርገው የጨነቀው ይመስል ነበር።

«ሌላ የምትመለሺበት መንገድ አጣሁ» አላት።

ሊዲያ ተነሥታ ሄደችና በእሱ ወገን፣ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የማይታጠፈውን እጇን ከነጠላው አውጥታ ጭኑ ላይ አደረገችለት። ወደ እኔ አላየችም፤ እኔም እንድታይ አልጠበቅሁም።